እኅቴን እንግዳ ያደረገው የቤት ግምት

ለብራክንሾው ከተማ ምክር ቤት
የአረጋውያን እንክብካቤ ክፍያ ምዘና ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ደረጃ መውጣት ለጉልበትዎ ሳይከብደው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ደግፎ ከአልጋ የሚያነሣዎት ዕድሜ ላይ ሳይደርሱ እንዲያገኝዎት እመኛለሁ። እዚያ ዕድሜ የደረሰ የከተማችን ነዋሪ ምን እንደሚጠብቀው ከእርስዎ ክፍል የተሻለ የሚያውቅ የለምና፣ ምኞቴ ከልብ መሆኑን አይጠራጠሩም።

እናቴ ኤድና ኦልድሮይድ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። የካቲት ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ፣ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገብታለች። ታላቅ እኅቴ ሎሬይን ደግሞ አባታችንን ስትሮክ በመታው ጊዜ ተከራይታ የምትኖርበትን ቤት ለቅቃ፣ ሥራዋንም ትታ ወደ እናታችን ቤት ገባች። አባታችንን አስታማ ቀበረች፤ ቀጥላ እናታችንን ያዘች። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆናት። በቅርቡ ክፍልዎ በጻፈልን መሠረት ያ ቤት እንደ እናቴ ገንዘብ ተቆጥሮ፣ ተሽጦ፣ ለመኖሪያው ክፍያ ይውላል። ሎሬይን ከዚያ በኋላ የት እንደምታድር ደብዳቤው አይናገርም። አጭር አድርጋችሁ ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ።

የቀረውን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስልሳ ዓመት የሞላው ዘመድ የሚኖርበት ቤት ከስሌቱ እንደሚወጣ ሕጉ ይደነግጋል። እኅቴ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በስልክ ያነጋገረኝ ባልደረባዎ በጣም በሚያዝን ድምፅ «ሁለት ዓመት ብትቆዩ ኖሮ እኮ ምንም ችግር አልነበረም» አለኝ። እናቴ በችኮላ በመውደቋ በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ሕጉ ሌላም በር ትቶልዎታል። ወገኑን ለማስታመም ሲል የራሱን ቤት የለቀቀ ሰው ካለ፣ ቤቱን አለመቁጠር በእርስዎ ፈቃድ ነው። ጠየቅን። «ነዋሪዋ ራሳቸው እንዳረጋገጡት፣ ልጃቸው በጊዜያዊነት ያረፉ እንግዳ ናቸው» የሚል መልስ ደረሰን።

ይህ ማረጋገጫ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ እኔም በቦታው ነበርኩ። ባለፈው ጥቅምት ሎሬይን እናታችንን የሚያጥብላት ሰው ብትጠይቅ፣ ባልደረባዎ ሚስ ፒክልስ ሁኔታውን ለማየት መጣች። እናቴ የመንግሥት ሰው ይመጣል ሲባል ፀጉሯን ተተኮሰች፤ ለሠርግና ለቀብር ብቻ የሚወጡት ስኒዎች ወጡ። በእኛ ሰፈር የእናቴ እኩዮች ሕመማቸውን ለባለሥልጣን ከሚናገሩ እግራቸውን ቢቆርጧቸው ይመርጣሉ። ሚስ ፒክልስ «ገላዎን መታጠብ ያስቸግርዎታል?» ስትል፣ «ኧረ እኔ ምን እሆናለሁ፣ የኔ ልጅ፣ ማማረር ነውር ነው። ብስኩት ውሰጂ እንጂ» አለቻት። ሎሬይንስ? «እሷማ ቤት እስክታገኝ ነው ያረፈችው።»

ክቡርነትዎ፣ ይህ እናቴ በየእሑዱ ሎሬይን የምሳውን ሥጋ ይዛ ስትገባ የምትወረውረው ቀልድ ነው። እኅቴም በዚያን ቀን እንደ ልማዷ «አዎ እማዬ፣ ሻንጣዬን ገና አልፈታሁም» ብላ መለሰች። ሦስታችንም ሳቅን። ሚስ ፒክልስም አብራን ሳቀች፤ ከዚያም ጻፈች። ራሷን ችላ ትታጠባለች ተብሎ ስለተመዘገበ የሚያጥባት ሰው አልተላከም፤ በአራተኛው ወር ወደቀች። ልጇ እንግዳ ናት ተብሎ ስለተመዘገበም ቤቱ ይሸጣል። ከአንድ ስኒ ሻይ ይህን ያህል ፍሬ ያገኘ መሥሪያ ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

፫. እናቴ ከቁጠባዋ አውጥታ ያገለገለች መኪና ገዝታ ነበር፤ ሎሬይን ሆስፒታል እንድታመላልሳት። ክፍልዎ ይህን «ከክፍያ ለማምለጥ ሆን ተብሎ የተቀነሰ ሀብት» ብሎ፣ ገንዘቡን ዛሬም ባንክ እንዳለ አድርጎ ቆጥሮታል። ለእናቴ ሳነብላት «ሌባ ማለታቸው ነው? የራሴን ገንዘብ ከራሴ የሰረቅሁ?» አለችኝ። መልሱን በትልልቅ ፊደል ይጻፉላት፤ ዓይኗ ደክሟል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ግን ለመመሪያ መጽሐፋችሁ ነው። አንድ አረጋዊ በገዛ ቤቱ ሆኖ ሲታገዝ የሚኖርበት ቤት ዋጋ ፈጽሞ እንደማይቆጠር እዚያ ውስጥ አገኘሁ። ይህን ከባልደረቦችዎ አንድም ሰው አልነገረን። ለሎሬይን ባነብላት «ታዲያ እናምጣታ» አለች።

እኔ ተከራከርኩ። እናታችንን ለማንሣት ሁለት ሰው እንደሚያስፈልግ ነርሷ ነግራናለች።

«በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰው ይልካሉ፤ ግዴታቸው ነው» አለችኝ እኅቴ።

«በመካከሉስ?»

«በመካከሉ እኔ አለሁ።»

«ጀርባሽስ፣ ሎሬይን? ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ነው የተኛሽው?»

«ጀርባዬ አይቆጠርም» አለች። «የሚቆጠረው ቤቱ ነው።»

ስለዚህ ቅዳሜ እናታችንን ወደ ቤቷ እናመጣታለን። የክፍልዎ ወጪ ከአሁኑ ሊበልጥ እንደሚችል አስልቼዋለሁ፤ እርስዎም ያሰሉታል። ቤቱን ላለመቁጠር አንድ ፊርማ ቢያኖሩ ኖሮ እናቴ ሙያተኛ ባለበት ቦታ ትቆይ፣ እኅቴም በቤቷ ትኖር ነበር። አሁን አንዲት ሴት መጠለያዋን በጀርባዋ ትከፍላለች። ፊርማው ዛሬም በእጅዎ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ስልኬን አልዘጋም።

መሥሪያ ቤትዎን ለማመስገን የሚበቃ ቃል በትምህርትም በዕድሜም ያላገኘሁት፣ ግብሬን ግን አንድም ቀን ያላሳለፍኩት፣

ናይጄል ኦልድሮይድ
የኤድና ልጅ፣ የሎሬይን ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቤቱን ለመገመት ከቅዳሜው በኋላ ማክሰኞ የሚመጣውን ባለሙያችሁን በደስታ እንቀበላለን። የፊተኛውን ክፍል ሲለካ እናቴ እዚያ ተኝታ ያገኛታልና፣ ሜትሩን ከአልጋዋ በላይ አሳልፎ ይዘርጋ። ሁለት ጠንካራ እጆች ካሉት ደግሞ ሎሬይን ወዲያውኑ ሥራ ትሰጠዋለች።