የአባባ የምራቂ ሹም

ቅዳሜ

መታኋት። በሰው ፊት፣ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ፣ የያዘችው ከረሜላ እስኪወድቅ ድረስ እጇን መታኋት። ስድስት ዓመቷ ነው።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሌላ ነገር ልሠራ ሞከርኩ። ልብስ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። አልሆነም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ የሳምንቱን አስቤዛ የምገዛው ዛሬ ነው። በሥራ ቀን ትምህርት ቤት ትውላለች፤ ቅዳሜ ግን ልጄን ሐያትን የማስቀምጥበት ሰው የለኝም። ባለቤቴ ኑረዲን ለሥራ ሳንጃ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ይኸው ሦስተኛ ወሩን ያዘ። ድሮ ቢሆን አባቴ ሱቅ ትቻት እሄድ ነበር። አባባ አምና ሞተ፣ ሱቁም አብሮት ሄደ። ቤት ቆልፌባት አልወጣም። በዚህ እገታ በበዛበት ጊዜ ልጁን ለብቻው ትቶ የሚወጣ ወላጅ ጎንደር ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ይዣት ሄድኩ፣ ፒያሳ አካባቢ ወዳለው፣ ጋሪ እየገፉ ወደሚገዙበት።

ደግሞ ጨዋ ሆና ነበር። ይህን ግዢልኝ ያንን ግዢልኝ የለ። ጋሪውን አብራኝ ገፋች፣ ማካሮኒውን ራሷ አነሳች፣ ሳሙናውን ሁሉ አንድ በአንድ አሸተተች። ወረፋው ላይ ከኋላችን የቆመች ሴት ያዘለችው ሕፃን ያለቅስ ነበር። ከፍዬ ዕቃውን ፌስታል ውስጥ ስከት፣ ሐያት ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ካለው ሳጥን ሁለት ከረሜላ አነሳች። አንዱን ልጣ ለሕፃኑ ሰጠችው፣ አንዱን ራሷ ያዘች። እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። በሩ ጋ ስንደርስ ጥበቃው፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ ዝግ ባለ ድምፅ "እቴ፣ ልጅቱ የያዘችው ተከፍሏል?" አለኝ።

በቃ ይኸው ነው ያለው። አልጮኸም። እጃችንን አልያዘም።

ሰው ዞር ዞር አለ። ሴትዮዋ ከሕፃኑ አፍ ከረሜላውን አውጥታ፣ ምራቅ እንደነካው፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ሕፃኑ እሪ አለ። ሐያት ግን ምንም አልመሰላትም። ቀና ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ "ምራቂ ነው" አለችው ጥበቃውን።

ያኔ ነው የመታኋት። "ሌባ ልታሰኚኝ ነው?" አልኳት።

"ምነው! ምነው መታሻት? ልጅ አይደለችም እንዴ!" ያለው ጥበቃው ነው። ተመልሼ የሁለቱን ከፈልኩና ወጣን። ባጃጅ ውስጥ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ

እስከ ረፋድ ድረስ ቃል አልወጣትም። ቁርስ አቀረብኩ። አጠገቧ ያለውን ዳቦ እያየች "ልብላው?" አለችኝ። የራሷን ዳቦ።

ስለ ምራቂው ልጻፍ። አራዳ ያለው የአባባ ሱቅ ከአባቱ የወረሰው ነው። ሰው ስኳርም ገዛ፣ ሻማም ገዛ፣ አባባ ሳይጨምርለት አይሸኝም። ለትልቁ ሰው ጭብጥ ቡና ወይ ክብሪት፣ ለልጅ ከረሜላ። "ልጅ ከሱቅ ባዶ እጁን አይወጣም" ይል ነበር። ከረሜላው የሚቀመጥበት አረንጓዴ የቆርቆሮ ጣሳ ነበረው። ሐያት ሦስት ዓመት ሲሞላት ጣሳውን ሰጣትና "ከዛሬ ጀምሮ የምራቂ ሹም አንቺ ነሽ" አላት። በርጩማ ላይ ቆማ፣ እናቱ ከፍላ ለጨረሰች ልጅ ሁሉ አንድ አንድ ታድላለች። የሚያለቅስ ካለ ቀድሞ ይሰጠዋል። በመጨረሻ አንድ ለራሷ። ደንቡ ይኸው ነበር።

ትናንት ያደረገችው ይህንኑ ነው። ጠበቀች፣ እናቷ ከፈለች፣ ለሚያለቅሰው ሰጠች፣ አንድ ለራሷ ወሰደች። አንዲት ነገር አላጎደለችም። ሱቅ ሁሉ የአባባ ሱቅ እንዳልሆነ የነገራት ሰው የለም። የነጋዴ ልጅ ነኝ ባይዋ እኔ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ማስረዳት ሳይታሰበኝ ቀርቶ እጄን ማንሳት ታሰበኝ።

ከሰዓት እህቴ ሰሚራ መጣች። ነገርኳት። ሳቀች መጀመሪያ። ኋላ ፊቴን አይታ ተወችው።

"ወላሂ ዘይነብ፣ ልጅ ሱፐርማርኬት አይወሰድም አላልኩሽም? ከረሜላውን ልጅ እጅ በሚደርስበት የደረደሩት ለምን ይመስልሻል? ነይ ንኪኝ ብለው እኮ ነው። ከነካች ደግሞ ተከፍሏል ይሉሻል።"

"ታዲያ የት ልተዋት?"

"እኔ ጋ አምጫት።"

ሰሚራ የምትኖረው ከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏት፣ አራተኛው በሆዷ ነው። ስትወጣ ሐያትን አቅፋ ሳመቻትና "ልጅና ፊት አይበርደውም፣ ነገ ትረሳዋለች" አለችኝ።

ሰኞ

አልረሳችም።

ጎረቤታችን ትኩስ አምባሻ ቆርሳ በአጥር ስታቀብላት እጇን ወደኋላ ደበቀች። "እማን ጠይቂያት" አለቻት። ጎረቤቴ "ምን አስተማርሻት ደግሞ?" ብላ ቀለደችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ምን ልበላት?

በምሠራበት ላብራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ናሙና ላይ ስም ስለጥፍ ዋልኩ። አንዲት እናት ልጇን ደም ለማስወሰድ ይዛ ገብታ፣ "አይዞሽ፣ ስትጨርሺ ማስቲካ እገዛልሻለሁ" ስትላት ሰማሁ። ያቺኛዋ እጇን ዘረጋች። ልጅ እንዲህ ነው፣ እጁን የሚዘረጋው የሚሰጠውን አምኖ ነው።

ማታ ወደ ራት ሰዓት ኔትወርኩ ለአፍታ መጣና ኑረዲን ደወለ። ነገርኩት። ሲቆራረጥ፣ ስጮህ፣ ሲቆራረጥ።

"ይቅርታ ጠየቅሻት?"

"ልጅን?"

"ሰውን" አለኝ።

ስለ መንገዱ ልጠይቀው ስል ተቋረጠ። ተናደድኩ፣ በእሱ ይሁን በስልኩ አላውቅም። እሱ ሳንጃ ቁጭ ብሎ ትክክል መናገር ይቀለዋል። ገበያውም የእኔ፣ ልጅቱም የእኔ፣ ዱላውም የእኔ።

ኋላ ግን አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ሐያቴ፣ ቅዳሜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንቺ ሌባ አይደለሽም" አልኳት። ምነው በቀረብኝ። ቃሉን ደግሜ በአፌ ስጠራው ፊቷ እንዴት እንደሆነ አየሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ ይባስ ብዬ በዚያው በአፌ ላሽ ሞከርኩ።

"እሺ" አለችኝ። እሺ ብቻ።

ረቡዕ

የሚያስቅ ነገር አደረግሁ። ከሥራ ስወጣ ሱፐርማርኬቱ ሄድኩ፣ ምንም ልገዛ አይደለም። ለማስረዳት። ለማን እንደማስረዳ ግን አላሰብኩበትም ነበር።

ገንዘብ ተቀባይዋ ወጣት ናት። የቅዳሜዋ ሴትዮ ነኝ አልኳት። አላስታወሰችኝም። ስለ ምራቂ፣ ስለ አባቴ ሱቅ፣ ስለ ጣሳው ለፈለፍኩ። በትሕትና ሰማችኝ፤ ከኋላዬ ወረፋ ይረዝማል። "ችግር የለውም እትዬ፣ ከረሜላውን እኮ አነሳነው" አለችኝ። ሳጥኑ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ከጭንቅላቷ በላይ፣ መስታወት ውስጥ። የልጅ እጅ እንዳይደርስበት። የእኔ ልጅ ናት ያስነሳችው።

በሩ ላይ ጥበቃው አስታወሱኝ። ስማቸው አያ ፈንታ ነው፣ ከገጠር ከገቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ስነግራቸው እንደ ገንዘብ ተቀባይዋ አልጠበቁኝም፣ ከመሃል አቋረጡኝ።

"ምራቂ ነው ስትል እኮ ሰምቻታለሁ! እኛም አገር እህል ሰፍሮ እፍኝ ሳይጨምር የሚሸጥ ጨዋ የለም። እኔ የጠየቅሁሽ ጠይቅ ስለተባልሁ ነው እንጂ፣ ሸጋ ልጅ ናት። ምነው ታዲያ ሳታመጫት መጣሽ?"

"እንቢ እንዳትለኝ ፈርቼ።"

"ቅዳሜ አምጫት። እኔ አለሁላት።"

ወደ ቤት ስመለስ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። በአባባ ሱቅ በኩል ዞሬ አለፍኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። አሁን የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል። በርጩማው የነበረበት ቦታ ድምፅ ማጉያ ቆሟል። መቆም አልቻልኩም።

አርብ

አረንጓዴውን ጣሳ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። ክዳኑ ዝጓል። አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ከረሜላ ሞላሁት። የምራቂ ሹሟን ልሾማት ነው እንግዲህ። በአርቡ የምሳ ሰዓት፣ ሰዎች ከጁምዓ ሲመለሱ፣ የጎረቤት ልጆች ግቢያችን ውስጥ ሊጫወቱ ገቡ። ጣሳውን ለሐያት ሰጠኋትና "እንደ አባባ ሱቅ አድያቸው" አልኳት።

አደለች፤ አደለች እንጂ እንዲህ ነበር። አንድ ከረሜላ ታወጣለች፣ ዞር ብላ ታየኛለች፣ "እማ፣ ይቻላል?" ትለኛለች። ይቻላል እላለሁ። ትሰጣለች። ሌላ ታወጣለች። "እማ፣ ይሄስ ይቻላል?" አምስት ልጆች ነበሩ። አምስት ጊዜ ይቻላል አልኩ።

ለራሷ አልወሰደችም። ክዳኑን ገጠመችና አመጣችልኝ። "ቆልፊበት" አለችኝ።

ቁልፍ የለውም እኮ። ኖሮትም አያውቅም።

ቅዳሜ

ሰሚራ በጠዋት ደውላ "ዛሬ እንዳትወስጃት" አለችኝ። አልሰማኋትም። ልተዋት ብልስ የት? ቤት ብትቀር ፍርሃቱ፣ ብወስዳት ይኸው። ሰዎች ልጅ ገበያ ይወሰድ ወይስ አይወሰድ ብለው ሲከራከሩ እሰማለሁ። ምርጫ ያላቸው ናቸው የሚከራከሩት። እኔ ደግሞ ተስፋ አድርጌ ነበር፣ እዋሻለሁ እንዴ፤ አያ ፈንታ አለሁላት ብለውኛል።

ሹራቧን ለብሳ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታ ሄደች። ጋሪውን ግፊ አልኳት፣ በሆዷ ገፋችው። እጇን አላወጣችም። ሳሙና አሽቺ አልኳት፣ አንገቷን አስግጋ ከሩቅ አሸተተች። ማካሮኒውን እኔ አነሳሁ። ሲያዩን የታዘዘች ጨዋ ልጅ ነው የምትመስለው፤ አንዲት ሴት "ታድለሽ፣ የእኔዎቹ ሱቁን ይገለብጡታል" አለችኝ።

ከፈልኩ። ሐያት ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። "ደረሰኙን ተቀበያት" አለችኝ። ተቀበልኩ። "እኔ ልያዘው።" ሰጠኋት፤ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

አያ ፈንታ ከሩቅ ሲያዩን ፊታቸው በራ። ጎንበስ አሉና ከካፖርታቸው ኪስ አንድ ከረሜላ አወጡ። ሳጥኑ ከተነሳ ወዲህ ከሌላ ቦታ የገዙት መሆን አለበት። "የኔ ሸጋ፣ ምራቂሽን አስቀምጬልሻለሁ፣ እንኪ" አሏት።

ሐያት ከረሜላውን አየችው። በጣም ፈልጋው ነበር፣ እናቷ ነኝ አውቃለሁ። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ደረሰኝ አለው?" አለቻቸው።

አያ ፈንታ ሊስቁ ጀምረው አቆሙ። እኔን አዩኝ። "ተቀበያቸው ሐያቴ፣ ስጦታ ነው" አልኩ። እጇ ከኪሷ አልወጣም። ሽማግሌው ከረሜላውን ወደ ካፖርታቸው መለሱት። "ግዴለም፣ ግዴለም፣ ሌላ ቀን" አሉ። ቀና ለማለት በሩን ተደግፈው ነው የተነሱት።

ባጃጅ ውስጥ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፣

"እማ፣ አባባ ሱቅ ለልጆቹ የሰጠኋቸው ሌብነት ነበር?"

"አይደለም!" አልኳት። ጮክ ብዬ ነበር፣ ባጃጅ ነጂው ዞር ብሎ አየኝ። "አይደለም የኔ ልጅ። አባባ ራሱ ነው የሾመሽ።"

አሰበችበት።

"ደረሰኝ ግን አልነበረንም" አለች።

ስለ አባባ ብዙ ልነግራት እችል ነበር። አባባ ደረሰኝ ጽፎ አያውቅም፣ ሰው ፊቱን አይቶ ያምነው ነበር ልላት ፈለግሁ። ግን ያንን እምነት ከእጇ መትቼ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ከእኔ አፍ ሲወጣ ምን ይመስላል? ዳገቱን ስንወጣ ባጃጁ ሲያንገጫግጨን እንዳትወድቅ እጇን ልይዝ ዘረጋሁ። ሁለቱም እጆቿ ኪሷ ውስጥ ነበሩ፣ ደረሰኙን ጨብጠው።