ሰዓታቸውን በር ላይ ይተዉ የነበሩት ዶክተር ኤልያብ ጥላዬ (1964–2010 ዓ.ም.)

ዶክተር ኤልያብ ጥላዬ ከአባታቸው ከአቶ ጥላዬ ወልደጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ ኃይሌ በ1964 ዓ.ም. በጅጅጋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሰላሌ መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ልጃቸው ግን ከዚያ ሁሉ ሱቅ የወደዱት የወደቀ መርፌ የሚለቀምባትን ማግኔት ብቻ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቀው በቆላዋ አፍደም ከተማ መምህር ሆኑ። አንድ ቀን እያስተማሩ ሰሌዳው ሥር ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሙቀቱ ነው ተባለ፤ የአፍደምን ሙቀት ለሚያውቅ ማመን አያስቸግርም። ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

በ1992 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉነሽ አበጋዝ ጋር ተጋብተው ረድኤትንና ሕሊናን አፍርተዋል። ቀጥሎም ጀርመን ሄደው በ2001 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ጅጅጋ ተመለሱ። ያጠኑት ፔሮቭስካይት የሚባሉ ክሪስታሎችን ነው። እነዚህ ክሪስታሎች ሙቀት ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የውስጥ አደረጃጀታቸው ይለወጣል። ዶክተር ኤልያብ ክሪስታሉን ብርቱ ማግኔት ውስጥ አስገብተው፣ የአተሞቹን አስኳሎች በሬዲዮ ሞገድ እየቀሰቀሱ የሚመልሱትን ምልክት ይከታተሉ ነበር። ከውጭ ምንም ሳይታይ፣ ለውጡ ሲቃረብ ምልክቱ አስቀድሞ ይታወካል። እርሳቸው ይህን መታወክ ቶሎ ይለዩት ነበር፤ የራሳቸውን ግን አልለዩም።

ክሪስታሎቹን ከረዳታቸው ከአቶ ዋርፋ ጋር ጅጅጋ ላይ ያሳድጉና በየክረምቱ አዲስ አበባ ወስደው ይለኩ ነበር። ማግኔቱ ብረት ስለሚስብ፣ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ሰዓት፣ ቁልፍና ቀበቷቸውን በር ላይ አውልቀው ለአቶ ዋርፋ ይሰጣሉ። ሰዓታቸውን ረስተው ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው ይስቁባቸው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ካራማራ መንገድ ላይ ዳግመኛ ወደቁ። ሐኪሞች ልባቸው እየቆመ እንደሚነሣ ደርሰውበት፣ ምቱን የሚያስተካክል መሣሪያ ደረታቸው ውስጥ እንዲቀበር መከሩ። ማግኔቱ መሣሪያውን ስለሚያውክ ግን፣ የተቀበረለት ሰው ወደ ማግኔቱ ክፍል መግባት አይፈቀድለትም። ዶክተር ኤልያብ የጀመርኩትን ልጨርስ እያሉ ቀጠሮውን አራዘሙ። ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ «ልብህን ለማግኔቱ ሰጥተህ ለእኛ ምን ልታስቀርልን ነው?» አሏቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በቤታችን ደረሰ።

በመጨረሻ ለነሐሴ 2010 ዓ.ም. እሺ አሉ፤ አንድ ልኬት ብቻ ቀርቶኛል ብለው። ሐምሌ 14 ቀን ገብተው ሲጠብቁት የኖሩትን ለውጥ አገኙ። እየሳቁ ወጡ። ሰዓታቸውን ለመቀበል እጃቸውን ዘርግተው፣ ሳይቀበሉ በሩ ላይ ወደቁ። በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን።

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሰዓታቸውን አቶ ዋርፋ ጅጅጋ ድረስ በእጃቸው ይዘው አምጥተውታል፤ ዛሬ በወይዘሮ ሙሉነሽ ክንድ ላይ ታስሯል።

ያላቸውን ሁሉ በር ላይ ትተው መግባት ለለመዱት ለእኚህ ሰው፣ እግዚአብሔር የመንግሥቱን በር ይክፈትላቸው።