የወንድምሽ መኪና ካምቢዮ

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ።

የወንድምሽ መርዶ የደረሰኝ ቀን፣ አሮጌ መኪናው ደጅ ቆማ ከካምቢዮዋ ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። ባለፈው ሳምንት መካኒኩ ጓደኛው መጥቶ ዘይት የሚይዙትን ያረጁ ጎሚኒዎች ቀየረልኝ። አዲሱን በደረቁ ሊገጥመው ሲል፣ «ልጄ እኮ ጠርዙን ዘይት ሳይቀባ አይገጥምም ነበር» አልኩት።

«ማዘር፣ ጋራዥ ሊከፍቱብኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ግን ቀባው። እኔም ሳቄ መጣ።

ሦስት ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ካርቶን አንጥፌ አየሁ፤ አንዲት ጠብታ የለም። ደስ ብሎኛል። የምትመጪበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ፣ ጓደኛው እየነዳት አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ መጥተን እንቀበልሻለን። ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሳም፤ ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል። እህል ግን በሰዓቱ ቅመሺ።

በርቺልኝ፤ እናትሽ ነኝ። ለወንድምሽ ነፍስ ጸልዪለት። አጠገብሽ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ካለም፣ አብሮሽ ይጸልይለት።