ስለ ለቅሶዎ ይቅርታ ለመጠየቅ

ለተከበሩ ኦቦ ሞቱማ
የከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከዚህ በታች ሲያነቡ እንደሚረዱት፣ የእርስዎ በሕይወት መኖር በቅርቡ በከተማችን አጠራጣሪ ሆኖ ስለነበር ነው። እኔ ከገፈርሳ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ የምሠራ የቤተሰብ ሐኪም ነኝ። ደክሞኛል፤ ስለዚህ ትሕትናዬ አልፎ አልፎ ቢያልቅብኝ ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ «ወቅታዊ የሕክምናና የኅብረተሰብ ጤና ጉዳዮች ለቤተሰብ ሐኪሞች» በሚል ርእስ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ላዘጋጁት ሥልጠና ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። በተቃውሞው መንገዱ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ በተዘጋበት፣ ኢንተርኔቱም በጠፋበት በዚያ ሳምንት የጥሪ ወረቀትዎ በሞተር ሳይክል፣ በጭቃው ውስጥ፣ እጄ ላይ ደርሷል። እንዲህ ያለ ትጋት በጽሕፈት ቤታችን መኖሩን አላውቅም ነበር። በዚያው ሞተር ላይ ጥቂት ብልቃጥ ኢንሱሊን ቢጫን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ሁለተኛ፣ ኢንሱሊን እያለቀ መሆኑን ባመለከትኩ ጊዜ «ሁኔታው ሲረጋጋ ይላካል» ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። መልእክቱን ለታካሚዬ ለሄመን አድርሻለሁ። ሄመን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ስኳሯ ግን ሁኔታው እስኪረጋጋ የሚጠብቅ ዓይነት አልሆነም። ልጅቱ የመሰላትን መላ ፈጠረች፤ ምግብ ካልበላሁ መድኃኒቱ ይበረክትልኛል ብላ ከእናቷ ተደብቃ ምሳዋን ለውሻ ትሰጥ ጀመር። እናቷ ወይዘሮ በቀለች ይዘዋት ሲመጡ ታስመልሳለች፣ ትንፋሿም ይቆራረጣል። ጤና ጣቢያው ውስጥ የቀረችውን የኢንሱሊን ጠብታ ሰጥቻት፣ ግሉኮስ የሌለው የጨው ፈሳሽ በደም ሥሯ ሰቅዬላት፣ ከነርሷ ጋር ትቻት ወጣሁ። ኦቦ ሞቱማ፣ በዚያች ሰዓት በጣም ጠልቼዎታለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። በመጀመሪያ ጋውኔን ለብሼ፣ መታወቂያዬን አንጠልጥዬ ወደ መንገዱ ሄድኩ። ድንጋዩን የደረደሩት ልጆች የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ እንደማያልፍ በጨዋ ደንብ ነግረው መለሱኝ። መድኃኒት ፍለጋ ነው ብላቸው፣ ትናንትም መድኃኒት ፍለጋ ነው የተባለ መኪና ፖሊስ ጭኖ መጥቷል አሉኝ።

ወይዘሮ በቀለች ግን እኔ በትምህርት ያላገኘሁትን ያውቁ ነበር፤ ያ መንገድ ለማንም ቢዘጋ ለለቅሶ ይከፈታል። ጋውኔን አስወልቀው፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ፊቴን እንድከናነብ አደረጉኝ፤ እሳቸውም አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ለሐዘንተኛ ሻይ የምንወስድ መስለን ፔርሙዝ ይዘን በባጃጅ ተመለስን። ልጆቹ ግንዱን ሊያነሡ ካጎነበሱ በኋላ አንደኛው ማን እንደሞተ ጠየቀን።

ይህን አላሰብንበትም ነበር። ወንድሜ ነው ብል ማሟረት ሆነብኝ፤ ወይዘሮ በቀለችም ልጃቸው በሞትና በሕይወት መካከል ተኝታ የማንንም ዘመድ ስም ለሞት መጥራት አልደፈሩም። በመጨረሻ ወይዘሮ በቀለች የእርስዎን ስም ጠሩ።

ምን ሆነው እንደሞቱ ተጠየቅሁ፤ ስኳር ነው፣ ኢንሱሊን አጥተው ነው አልኩ። ልጆቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ነፍስ ይማር አሉልዎ። ከቢሮዎ ከጠፉ ስለሰነበቱ ማንም አልተጠራጠረም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ለቅሶ ያልገባበት መንደር ስላልነበረ፣ አንድ ሰው ሞተ ቢባል የሚገረም አልነበረም፤ ከሁሉ ያደከመኝ ይህ ነው።

አዲስ አበባ ገብተን ኢንሱሊኑን ገዛን፤ ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቅልለን በፔርሙዙ ውስጥ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር አስቀመጥናቸው። ስንመለስ ልጆቹ ቀብርዎ እንዴት እንደነበር ጠየቁን፤ እኔም ሰው በዝቶ ነበር ብዬ ዋሸሁ። ከመካከላቸው አንዱ ብርዱ ጠንቶበት ከሻዩ እንድንቀዳለት ሲለምን፣ ለለቅሶ ቤቱ ቀድተን ጨርሰናል አልነው። ሄመን ዛሬ ደኅና ናት፤ ምሳዋንም ራሷ ትበላለች።

ስለዚህ ሳይሞቱ ስላስለቀስኩልዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቤትዎ ድረስ እርሙን ሊያወጣ የመጣ ሰው ካለም ጥፋቱ የእኔ ነው። በሥልጠናው ላይ ስላልተገኘሁም አይቀየሙኝ፤ በዕለቱ እርስዎን እየቀበርኩ ነበር። አምላክ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ በሥልጣንዎ ዘመን ስምዎ አንድ መንገድ ማስከፈቱን በዓይኔ አይቻለሁና ሁልጊዜም እመሰክርልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሐዘንተኛዎ
ዶክተር ሮማነወርቅ
ነሐሴ 2008 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ያመጣነው ኢንሱሊን ለሄመን የሚበቃት እስከ አርባዎ ገደማ ነው። እስከዚያ ካልላኩልን፣ ወይዘሮ በቀለች ለተዝካርዎ ነጠላቸውን አጥበው አስቀምጠዋል።