ጨፌው ላይ የወደቀው ነጠላ

ለማከብርሽና ለምወድሽ ለባሌ እህት፣ ለእታለም፤

ከነልጆችሽ እንደምን ከረምሽ? ያ የወገብ ሕመምሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ስለሰነበተ፣ ይህን ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ አዲ አርቃይ በሚወርድ የጭነት ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ። ከሁሉ በፊት አትደንግጪ፤ ልጅሽ ምንይችል በሕይወት አለ። እኔ ቤት ተኝቷል። ግራ ክንዱ ተሰብሯል፤ አንድ ዐይኑ ግን አይመለስም። ከሌላ አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው።

ቆፋሪውን ማኪና ይዞ ወደ እኛ ቀበሌ የመጣው፣ መንገዱ በጨፌው በኩል እንዲያልፍ ከፌዴራል ፈቃድ ወጥቷል ተብሎ ነው። ወጥቷልም። የመንገድ ሥራው ካቦ ወረቀቱን እያውለበለበ "መንግሥት የፈቀደውን ማን ይከለክላል?" ሲል፣ ሰዉ ወደ እኔ ዞሮ አንብቢልን አለኝ። ማንበብ ብቻዬን እንደተማርሁ ታውቂያለሽ። ፈቃዱ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ቱቦ ተቀብሮ የውሃው መሄጃ ሳይሰናዳ ጨፌው እንዳይቆረጥ ይላል። ቱቦ የሚባል አልመጣም። ቦዩ ግን ተቆርጦ ውሃችን ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ምንጩ ደፍርሷል፣ ሳሩ ተጋድሟል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ምነው ፊደል ባልቆጠርሁ!

ገና ሳልጨርስ የመጀመሪያው ድንጋይ የማኪናውን መስታወት አረገፈው። ካቦው በፒካፑ ሸሸ። ምንይችልን ከመቀመጫው ጎትተው አወረዱት። "የታዘዝሁትን ነው የሠራሁት! የየሻው የእህት ልጅ ነኝ!" ቢል ማን ይስማው። "የየሻው ዘር ከሆንህማ ጨፌው ያውቅሃል!" ብሎ ጌትነት ክንዱን በዱላ መታው። ሲሰበር ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት ይመስላል። ራሱ በቆፈረው ቦይ ጥለው ፊቱን ጭቃ ውስጥ ደፈቁት። ቀና ሲል አንዱ በድንጋይ ዐይኑን አፈሰሰው። ውሃው ቀላ።

ጌትነት የማን ልጅ እንደሆነ አልደብቅሽም። የአያ ወልደኢየሱስ ነው። ያ አባቱ ነው ወንድምሽን የሻውን እዚያው ጨፌ ላይ፣ በውሃ ጠብ የገደለው፤ እስሩን ጨርሶ በሽማግሌ የታረቅነው።

ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ልጅሽ ላይ ጣልሁት። የሴት ነጠላ በጠበኞች መካከል ወድቆ ማን ይሻገረዋል? ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ጌትነት ብቻ ዱላውን እንዳነሣ ሊረግጠው እግሩን ሰነዘረ። አባቱ ከኋላ አንቆ ያዘውና በጥፊ ጣለው። "አንተ ውሻ፣ ነጠላ መውደቁን አታይም? እኔ ያን ቀን የሚጥልልኝ ባገኝ ዛሬ ሰው ነበርሁ!" አለው። ይህን ለልጁ ሲናገር ዐይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

የሻው የሞተ ዕለት ወፍጮ ቤት ነበርሁ ብዬ ነግሬሽ ነበር። ጨፌው ላይ ቆሜ ነበር።

እታለም፣ ልጅሽ ወንዴ ይህን ሲሰማ ጠመንጃውን ከግድግዳ እንደሚያወርድ ዐውቃለሁ። አጎቴን የገደለ ቤት ወንድሜንም አሳወረ ብሎ ይነሣል። ሹፌሩ ከደብዳቤው ጋር አንድ ፌስታል ይሰጥሻል። ያው ነጠላ ነው፤ ደሙንም ጭቃውንም አላጠብሁትም። ሊወጣ ሲል በራፉ ላይ ዘርጊበት። ልጄ ብርቱ ነው፣ ያሸንፋል ብለሽ ቆመሽ አትዪ። አንድ ዱላ ብቻ ያሳርፍና እጥላለሁም አትበዪ። ነጠላ በጊዜው ካልወረደ ኋላ ከትከሻ አይወርድም።

ምንይችል ሲሻለው እኔው ይዤልሽ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ከደጅሽ ብትመልሺኝ አልቀየምሽም።

እመብርሃን ልጆችሽን በመጎናጸፊያዋ ትሸፍንልሽ። ደጅሽ ላይ የሠርግ እንጂ የለቅሶ ድንኳን አይተከልበት።

የወንድምሽ ሚስት