አባባ ያልዋጡት ክኒን

ሰኞ፣ ኅዳር 22

አባባ ትናንት በቅዳሴው ወንጌሉን አንብበው ጨረሱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

የጽዮን ዕለት ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። ዲያቆኑ ጠጋ ብሎ መጽሐፉን ከእጃቸው ወሰደ። ከአጠገቤ የቆሙ እናት «ዛሬስ ቄሳችን በእጥፍ ባረኩን» ብለው ሳቁ። እኔም ፈገግ አልሁ። ያ ፈገግታ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ዋለ።

ከክረምት ወዲህ የሆነውን ልጻፍ። የሰፈራችንን መታጠፊያ ስተው ገበያው ድረስ ሄደዋል። ከሞተች አራት ዓመት ስለሆናት እናቴ «ምሳ በላች?» ብለው ጠይቀውኛል። የንስሐ ልጃቸው ስም ጠፍቷቸው «አንተ ሰው» ብለውታል። ለጎረቤት «ጆሯቸው ደክሞ ነው» እላለሁ። ለእሳቸው ደግሞ ባለፈው ሳምንት «ስንቴ ልንገርዎት!» ብዬ ጮኽሁባቸው።

ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ግፊታቸው ከላይ መቶ ሰማንያ አምስት፣ ከታች መቶ አምስት።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። ስለ መርሳታቸው ስነግረው መጀመሪያ ያነሣው የግፊቱን ነገር ነው። ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ አንጎል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል፤ ደም በደንብ ያልደረሰው ቦታ ይደክማል፤ መርሳቱ ከዚያ ሊመጣ ይችላል አለኝ። «ሌላም ምክንያት ይኖር ይሆናል፤ እናጣራለን። ግን እህቴ፣ ክኒኑን በየቀኑ ይወስዳሉ?»

«ይወስዳሉ» አልሁ።

አባባ አጠገቤ ነበሩ። ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

እየወሰዱ ይህን ያህል ከፍ ካለ አንዱ አልበቃቸውም ማለት ነው ብሎ ሁለተኛ ክኒን ጨመረላቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

እውነቱን እዚህ ልጻፈው።

የዛሬ ሰባት ዓመት ግፊት አለባቸው ሲባል ክኒኑ «ጠዋት ጠዋት» ተብሎ ታዘዘ። አባባ ቀዳሽ ናቸው። ቀዳሽ ሳይቀድስ ውኃ እንኳ አይቀምስም። በጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለም። ስለዚህ የሚውጡት በማይቀድሱበትና በማይጾሙበት ጠዋት ብቻ ነበር። የቄስን ዓመት ለሚያውቅ ሰው፣ ያ ስንት ጠዋት ነው? አውቅ ነበር። ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት የማመጣው እኔ፣ ሳይዋጥ የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ የማስቀምጠውም እኔ።

መጀመሪያ የዋሸሁት በአንድ የቀጠሮ ቀን ነው። ነርሷ መድኃኒት ያቋረጡትን በሰው ፊት ትቆጣ ነበር። አግዳሚው ላይ የአባባ የንስሐ ልጆች ተቀምጠዋል። በልጆቻቸው ፊት እንዳይገሠጹብኝ ብዬ «ይወስዳሉ» አልሁ። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ለመደኝ።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ መድኃኒት ቤት ገባሁና በማታ መዋጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። ልጅቱ ወረቀቱን አየችና «ይቻላል፤ ዋናው በየቀኑ መሆኑ ነው» አለችኝ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁት ይህንን ነው።

ከእራት በኋላ ሁለቱንም ሰጠኋቸው። ሳያንገራግሩ ዋጡ። ደስ አለኝ፤ ጥፋቴ የተካሰ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

አባባ ወደቁ።

ጠዋት ከመኝታቸው ሲነሡ ዞረባቸው፤ በሩን ሊይዙ ሲሉ ሳቱት። ግንባራቸው ተላጠ፣ አጥንታቸው ደህና ነው። ባጃጅ ጠርቼ ወሰድኋቸው። የላይኛው ግፊታቸው ሲቀመጡ መቶ አምስት፣ ሲቆሙ ዘጠና።

ዶክተሩ ግራ ገባው። የማክሰኞውን ወረቀት ያገላብጥ ጀመር። በራሱ ስህተት ሲጠረጥር እያየሁ ዝም ማለት አልቻልሁም። «ዶክተር፣ አይወስዱም ነበር። እያወቅሁ ነው የዋሸሁዎት» አልሁት።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ብዕሩን አስቀመጠና «እኔ መድኃኒት ያዘዝሁት እርስዎ ለነገሩኝ ሰው ነው፤ ለአባ አልነበረም» አለኝ።

ክኒን ላልለመደ ሰውነታቸው ሁለት በአንዴ በዝቶበት ነበርና ሁለተኛው ቀረ። የመጀመሪያው ብቻ፣ ማታ ማታ፣ ሳይዘለል። ሲነሡ ቀስ ብለው፣ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው። ግፊታቸው ጠዋትና ማታ ተለክቶ ይጻፍ። የጠፋው ይመለሳል ብሎ ቃል አልገባም፤ ግፊቱ ከተያዘ ግን የቀረው ቶሎ እንዳይሄድ ማገዝ ይቻላል አለ። የማስታወስ ምርመራ ለታኅሣሥ 7 ቀጠረን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ዛሬ ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ አባባ ተናገሩ።

«አትጠገብ፣ ሰባት ዓመት አብረን ዋሸን። አንቺ አፍ አውጥተሽ፣ እኔ አፌን ዘግቼ።»

ጥፋቱ የእኔ ነው ስላቸው «ተይ እንጂ፣ ለብቻሽ አትጠቅልዪው፤ ለእኔም አስቀሪልኝ» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ቆይተው ወንጌሉን መድገማቸውን ከዲያቆኑ እንደ ሰሙ ነገሩኝ። «ሳምንቱን ሙሉ ማንም አልነገረኝም። አንቺም።»

 

እሑድ፣ ኅዳር 28

የጠዋቱ ግፊት መቶ አምሳ በዘጠና። ማዞር የለም።

አባባ አልቀደሱም። ከሕዝቡ ጋር ቆመው አስቀደሱ። ሲያበቃ ማንም ሳይልካቸው ወደ ደብሩ አለቃ ሄደው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ፤ እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። አለቃው «የሐኪሙን ቃል ይዘው ይምጡ፤ መቅደስ መግባትዎን ያኔ እንወስናለን» አሏቸው። አርባ ሁለት ዓመት ቀድሰዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ ለማስታወስ ምርመራው አለማምዳቸው ጀመር። ዶክተሩ ቀኑን ይጠይቅዎታል፣ ወሩን ይጠይቅዎታል፣ ሦስት ቃል ሰጥቶ መልሱልኝ ይልዎታል፤ ዕለቱ ማክሰኞ ነው፣ ታኅሣሥ ሰባት፣ ይያዙት አልሁ። አባባ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ልታስዋሺኝ ነው? ያላወቅሁትን አላውቅም እላለሁ። አንቺ ውጭ ትቆዪኛለሽ።»

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ውጭ እቆያለሁ።