ከወንበር የመነሳት ሥራ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ታክሲው ከለቡ ላፍቶ ቶሎ አደረሰን። ዛሬ ጠዋት "ወራጅ አለ" ከማለት በቀር የራሴን ድምፅ አልሰማሁትም።

የሰው እንቅስቃሴ ወደምለካበት ክሊኒክ አዲስ ታካሚ መጡ፣ አቶ ገሠሠ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ለቡ፣ መብራት ኃይል ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ሚሳኤል ከሐዋሳ ደውሎልኝ ነበር። "አባቴ ያለ ሰው እጅ ከወንበር ይነሳል? ካልተነሳ ቤቱን ዘግቼ እወስደዋለሁ።" እሳቸው ደግሞ፣ "ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው።" እንግዲህ የሚፈርደው የኔ ወረቀት ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ልኬቱ ተበላሸ። ወንበሩን ወለሉ ውስጥ የተቀበረው ሰሌዳ ላይ አስቀምጣለሁ። ሰሌዳው የሚያርፍበትን ኃይል ይመዘግባል፤ እኔ ከዚያ ተነስቼ ሰውየው ለመነሳት ስንት ጁል ሥራ እንደሠራ አሰላለሁ። ግን ስሌቱ ከእርጋታ መጀመር አለበት። ሁለት ሰከንድ፣ ምንም ሳይነቃነቁ።

አባባ ገሠሠ የት ሊረጉ... ገና በሩን ስከፍት ብድግ።
"ኖር።"
"ኧረ በእግዜር አባባ፣ ይቀመጡ።"
ሦስቴ ወጥቼ ገባሁ። ሦስቴ ተነሱ። "ሰው ሲገባ ተቀምጬ ልቀበል? አላደግሁበትም።"

ተናደድኩ። ግን... ለኔ ሰው የተነሳልኝ መቼ ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
ዘዴ አገኘሁ። መጋረጃ ጋረድኩ። ከጀርባው ሆኜ በደወል አስጀምራለሁ፤ ማንንም አያዩም።

እርጋታው ልክ እንደሚፈለገው ሆነ። ደወሉን ነካሁ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ትንሽ ወጣ፣ ወረደ። ደግሞ ወጣ፣ ወረደ። አልተነሱም። አምስቴ ሞከርን።
"አቃተኝ የኔ ልጅ... ባይሆን አንቺ ግቢና ልሞክር።"
መጋረጃውን ገልጬ ብቅ አልኩ። ተነሱ። ወደ ሁለት መቶ ጁል ገደማ፣ በራሳቸው ጉልበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
የትኛውን ልጻፍ? ጉልበቱ አላቸው። "ይነሳል ብለሽ ጻፊልኝ" አሉኝ እጄን ይዘው። ልጽፍም ነበር። ግን ለቡ ያለው ቤታቸው ማን ይገባል? እዚያ የሚሠራው የመጋረጃው ውጤት ነው...

ሁለቱንም ጻፍኩ። ከሥሩ፣ "ብቻቸውን ሲሆኑ አይነሱም።" አነበብኩላቸው። ፊታቸውን አዞሩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27
ሚሳኤል ወሰዳቸው። ምን አደረግሁ?

እሑድ፣ ኅዳር 14
ሚሳኤል ደወለ። "ቤታችን ሰው ይበዛዋል። ጎረቤቱ፣ የልጆቹ ጓደኞች... አባቴ ለሁሉም ሲነሳ ነው የሚውለው። ማታ እግሬ ዛለ ይላል።" ደስ አለኝ። ቀናሁም፣ ምን እዋሻለሁ።

ስልኩን ሰጣቸው። ተቀይመውኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።
"አንቺስ ቤት ማን ይገባል?" አሉኝ።
"ሥራ ይበዛብኛል አባባ።"
"እሱን አልጠየቅሁሽም።"

መልሱ የመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ማንም። አምስት ዓመት ሙሉ፣ ማንም አልገባም። እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም ነበር።